ማስተካከያ፦ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ደሴም ላይ 99 ዓመት ነው

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በየስልኩ የሚዞር አንድ መልእክት አለ። «ከአዲስ አበባ ውጭ የመኖሪያ ቦታ ሊዝ 70 ዓመት ብቻ ነው፤ ሲያልቅ አለቀ» ይላል። ስህተት ነው።

ምንጩ ሕጉ ራሱ ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን በየትኛውም ከተማ 99 ዓመት ነው። 70 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ የንግድ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ንግድ 60 ነው። መልእክቱ የመኖሪያውንና የንግዱን ሳያደባልቅ አልቀረም። ዘመኑ ሲያልቅም ውሉ በወቅቱ በሚኖረው የመነሻ ዋጋ ሊታደስ ይችላል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ለፍተው የሠሩትን ቤት የሚሸጡ እናቶችና አባቶች አሉ። «ዘመኑ አጭር ነው» ተብለው በማይረባ ዋጋ እንዲሸጡ ሲጫኗቸው ማየት ያሳዝናል። ሻጭ ከሆናችሁ የሊዝ ውሉን አውጡና የአገልግሎት ዓይነቱንና ዘመኑን ለደላላውም ለገዢውም አሳዩ።

ገዢዎችም አንድ ነገር ልብ በሉ። በደሴ የቆዩ ሰፈሮች ውስጥ ነባር ይዞታ ያላቸው፣ ማለትም ቦታቸው ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት የተያዘ ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ፣ በአዋጁ መሠረት አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሊዝ ክፍያው ስንት እንደሚመጣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።