በፊደል የሚከፈል ግጥም

ሐረር ውስጥ ገጣሚ ከሆንክ ሠዓሊ ጓደኛ ማበጀት ግድ ነው። የመጽሐፍህን ሽፋን በነጻ የሚሠራልህ ሌላ ማን አለ? ሠዓሊው በፈንታው ምን ያገኛል? ይህን በርጫ ላይ ማንሳት ነውር ነው።

አንድ ገጣሚ ወዳጅ አለኝ። "ሠዓሊ ወዳጆቼ" ሲል ስትሰማው በየአገሩ ኤግዚቢሽን የሚያሳዩ ይመስልሃል። አንዱ ፈረስ መጋላ አካባቢ ታፔላ ይጽፋል። ሌላው ጭማቂ ቤት ግድግዳ ላይ አቮካዶ ይሥላል። (አቮካዶ ላይ አይታማም። ማንጎ ላይ ነው የሚቸገረው።) ምርቃናው ሲመጣ ገጣሚው ስለ ቀለም ጥልቀት ይተነትናል። ታፔላ ጸሐፊው ዝም ብሎ ጥፍሩ ሥር የገባውን ቀይ ቀለም በቤንዚን ያስለቅቃል። ጫቱን የገዛው እሱ ነው።

ተጽዕኖው ግን የምር ነው። አንድ ባለባጃጅ ከኋላ የሚጻፍ ነገር ፈለገ። ገጣሚያችን አሥራ ሁለት ስንኝ ይዞ ከች አለ። ታፔላ ጸሐፊው በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

"አቦ፣ እኔ በፊደል ነው የማስከፍለው! ሰውዬው ባጃጁን ሸጦ ይክፈለኝ?"

ጨረቃዋ ወጣች። ናፍቆቱ ተከተላት። ስለ እናት አገር የነበረው ሁለት ስንኝ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተሰናበተ። በመጨረሻ "ቀስ በል፣ ትደርሳለህ" ቀረ። እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው። ሰው አንብቦት የሚያውቀውም ይሄ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 እዚሁ ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ብልህ ነበር። ገጣሚም ሠዓሊም ራሱ ሆነና ከውለታ ዳነ።

ጁገል ውስጥ በስሙ ሙዚየም ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም ፓሪስ ሳለ ሠዓሊ አላጣም። በ1872 አንሪ ፋንቲን ላቱር ገጣሚዎችን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ሊሥል ተነሳ። አልበር ሜራ የሚባለው ገጣሚ ከነራምቦ ጋር አልሣልም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሠዓሊው አልለመነውም፤ በእሱ ቦታ አበባ ሣለበት! ራምቦ በ1880 ሐረር ሲገባ ግን ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ የቡና ነጋዴ ሆኗል። የሚሥለው ወዳጅ የለም። ካሜራ አስመጣና በ1883 ራሱን በራሱ ፎቶ አነሳ። ሰልፊ የተጀመረው እኛ ከተማ ነው ብንል ማን ይከሰናል?

ታፔላ ጸሐፊው የአበባዋን ታሪክ ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው አላማረኝም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቡና ቤት ግድግዳውን እንዲሥልለት ተዋዋለው። እኛን ጓደኞቹን ሊሥል ሲጠራን ገጣሚው "ዛሬ ሙዴ አይደለም" እያለ ሳይቀመጥለት ቀረ። ሥራው ሲያልቅ አብረን ሄድን። ሁላችንም ተደርድረናል። በገጣሚው ቦታ አንድ ትልቅ የሐረሪ ሞሰብ ተጎልቷል።

ጠብ ይነሳል ብለን ጠበቅን። ገጣሚው ጠጋ ብሎ ሞሰቡን ከላይ እስከ ታች አየው።

"አቦ፣ ቀዩ ላይ ቆጥበሃል" አለ።