የማዶግ ቤት

የምኖረው ሊቨርፑል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሰሜን ዌልስ ወጣ ብዬ ነበር። ባላ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አለፍ ሲሉ ሊን ኬሊን የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ዳሩ ላይ ድንጋይ ቆሟል። ከውኃው ሥር ሀቮድ ቫዶግ የሚባል የገበሬ ቤት እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎበታል።

«ሀቮድ» በዌልስኛ በበጋ ከብት ይዘው ወጥተው የሚከርሙበት ቤት ነው። ብርዱ ሲመጣ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። ማዶግ ደግሞ የሰው ስም ነው። የማዶግ ቤት ማለት ነው እንግዲህ፤ እኛ «የእነ እከሌ ቤት» እንደምንለው።

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች እዚህ ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። በእምነታቸው ስለተሳደዱ ከዚህ ሸለቆ ብዙዎቹ ወደ ፔንስልቬንያ ተሰደዱ። ፊላደልፊያ አጠገብ ሜሪዮን የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙ ከዚሁ አውራጃ የሄደ ነው። ስደተኛ መጀመሪያ የሚይዘው ስም መሆኑን አውቀዋለሁ። እኛስ ምግብ ቤት ስንከፍት የምናወጣለት ስም የማን ነው?

ከዚያ ሊቨርፑል ውኃ ፈለገች። በ1956 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሸለቆ የነበረው የካፔል ኬሊን መንደር ሰዎች እዚህ እኔ የምኖርበት ከተማ ድረስ መጥተው በሰልፍ ለመኑ። ሸለቆውን ገድቦ በውኃ ለመሙላት የሚፈቅደው ሕግ ግን በ1957 ጸደቀ። ከዌልስ 36 የፓርላማ አባላት አንድም የደገፈው አልነበረም። በ1965 ትምህርት ቤቱም፣ ጸሎት ቤቱም፣ 12 ቤቶችና እርሻዎችም ውኃ ውስጥ ገቡ። የከተማው ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ድርቅ በጠናበት በ2022 የመንደሩ የድንጋይ ግንብ ብቅ ብሎ ነበር።

ድንጋዩን በእጄ ዳሰስኩት። የካዛንቺስዋ አያቴ ቤት ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. መስከረም አልፎ ነው የፈረሰው። ወንድሜ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ፤ የጓሮው ኮክ ዛፍ ብቻውን ቆሟል፣ የሰማያዊው በር ግማሽ አፈር ላይ ተጋድሟል። መንገዱ አሁን ሰፊና ያማረ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን እዚያ የቡና ጭስ ይወጣበት የነበረ ቤት እንደነበር የሚናገር አንድ ድንጋይ እንኳ የለም። አንዲት መስመር ብትጻፍ ምን ትጎዳ ነበር?

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። አዲሱን ቤቷን የምትመራኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «በአያትሽ ቤት በኩል ትታጠፊና ቀጥ ብለሽ ትመጫለሽ።»