እርማት፦ ጡንቻ ሲጨምር እፍረት ይጠፋል?

ወንድሜ፣ «ደረትህና ክንድህ ሲሞላ በሰውነትህ ማፈር በራሱ ይተውሃል፤ በቁመና መጨነቅ የሴት ነገር ነው» ብለሃል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በ1993 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ከ108 ወንድ ሰውነት ገንቢዎች 9ኙ ፈርጣማ ሆነው ሳለ ራሳቸውን ከሲታና ደካማ አድርገው ያዩ ነበር። አኖሬክሲያ ሰው ከስቶም ራሱን ወፍራም አድርጎ የሚያይበት ሕመም ስለሆነ፣ ይሄኛው ያኔ «የተገላቢጦሽ አኖሬክሲያ» ተባለ፤ ዛሬ መስል ዲስሞርፊያ ይሉታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያም አካቶታል።

ጂም ውስጥ ልብ ብለህ እይ። በዚያ ሙቀት ሰፊ ሹራቡን አላወልቅ የሚለው ሁልጊዜ ቀጭኑ ልጅ አይደለም፤ አንዳንዴ ከሁሉም የሚገዝፈው ነው። ደግሞ ብረት እንዳነሳህ ጡንቻው በደም ይወጠራል፣ መስታወቱም ያሞኝሃል። ውጥረቱ ብዙ ሳይቆይ ይረግባል። ሰውየው ግን ያንን እንደ ትክክለኛ መጠኑ ይዞት፣ ማታ ቤቱ ራሱን ሲያይ «ቀነስኩ» ብሎ ይደነግጣል። በማግስቱ የሚያነሳውን ክብደት ይጨምራል፤ የሚያመውን ትከሻ እንኳ አያሳርፍም። አንዳንዱ ስቴሮይድ፣ ማለትም ጡንቻ የሚያሳድግ መድኃኒት፣ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ብረት ማንሳት መጥፎ ነው አላልኩም፤ እኔም አነሳለሁ። ስህተቱ እፍረትን በሳንቲ ሜትር መለካቱ ላይ ነው።