ድሩ ይጠረግ፣ ሸረሪቷስ?

ክርክሩ የተነሳው በእንቁጣጣሽ ሳምንት፣ ቡና ላይ ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከላይ እስከ ታች ሲታጠብ ውሏል። ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል፣ መጋረጃው ገና አልደረቀም። አማትየው ለመጨረሻ ፍተሻ ቀና ብለው ኮርኒሱን ሲቃኙ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ ጥጉ ላይ አንዲት እግረ ረዥም ሸረሪት ተንጠልጥላ አገኙ።

«ይቺስ? ለማን ተተወች?» አሉ።

«እሷ ትቆይ እማዬ» አለች ምራታቸው ረከቦቱን እያስተካከለች። «አሮጌ ድሯን ጠርጌዋለሁ። እሷን ግን ሆን ብዬ ነው የተውኳት። ቢምቢ ትይዝልኛለች።»

አማትየው ሸረሪት የሚፈሩ መስሎን ነበር። ኋላ ነው ነገሩ ሌላ መሆኑ የገባን። «እኔ ምን ታደርገኛለች? ገጠር ስንት ዓይነት አይቼ ነው ያደግኩት። ነገ እንግዳ ይመጣል። ቀና ብሎ ሸረሪት ሲያይ ምን ይላል? ቢምቢ ልትይዝ ነው ይላል? ሸረሪት ያደራበት ቤት ነው የሚለው!»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ድር ማለት ሰው የሌለበት ቤት ማለት ነው። ኪስ ባዶ ሲሆን እንኳ ሸረሪት አደራበት ነው የሚባለው። ሙያ የሚለካው ደግሞ በጓዳ ብቻ ሳይሆን በኮርኒስም ነው።

ከታች ፎቅ ለቡና የመጣችው ጎረቤት ፈንዲሻዋን እየቆረጠመች ገባችበት። «በእኛ እንኳ ሸረሪት አትገደልም» አለች። ነቢዩና አቡበከር ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ሰውር ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው እንደነበር፣ ሸረሪቷ የዋሻው አፍ ላይ እንዳደራች፣ አሳዳጆቹም «ሰው ገብቶ ቢሆን ይሄ ድር ይበጠስ ነበር» ብለው እንደተመለሱ ተረከችልን። «እናቴ ወላሂ በመጥረጊያ ጫፍ አንስታ ወደ ውጭ ነው የምታደርጋት። አትጨፈልቃትም።»

«ያቺማ ዋሻ አፍ ላይ ነው ያደራችው» አሉ አማትየው። «የእኛዋ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ናት።»

ተሳቀ። ጎረቤትየዋም ሳቀች። አልተከራከረችም። እንዲያውም «ቁርኣኑ ራሱ ከቤት ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት ነው ይላል፤ ድሩን ብትጠርጉት ቅር አይለኝም» ብላ ግማሽ መንገድ ሄደችላቸው። ጨዋ ተከራካሪ ማለት እንደዚህ ነው።

የባልየው እህት ግን መቀመጥም አልቻለችም። የምትኖረው ሜልቦርን ነው፤ ለበዓል ነው የመጣችው። ወንበሯን ወደ በረንዳው አሽሽታ፣ ዐይኗን ከጥጉ አልነቅልም አለች። «እናንተ ስለማታውቁት ነው የምትቀልዱት። እኛ ጋ ጓሮ ያደረ ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም። ጀርባዋ ቀይ የሆነች አለች፣ ውጭ ወንበር ሥር ነው የምትደበቀው። ሲድኒ አካባቢ ደግሞ የባሰች አለች።»

ይህን ጊዜ የባልየው ጓደኛ አቦሉን ጨረሰና አፉን ጠረገ። ሥራው በየቤቱና በየሆቴሉ እየዞረ ተባይ ማጥፊያ መርጨት ነው። ሸረሪት ትገደል ብሎ የሚሟገት ሰው ቢኖር እሱ መሆን ነበረበት። እንጀራው ነውና።

«ያቺ የሲድኒዋ ስንት ሰው ገድላለች?» ብሎ ጠየቃት።

ትንሽ አንገራገረችና እውነቱን ተናገረች። መድኃኒቱ ከተገኘበት ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእሷ ንክሻ ሞተ ተብሎ የተመዘገበ ሰው የለም። «ግን ያማል!» አለች ቶሎ ብላ።

«አያምም አላልኩም። ግን ሸረሪት ሁሉ አንድ አይደለም።» በዓለም ላይ የሚታወቁት የሸረሪት ዓይነቶች ከ50 ሺህ በላይ ናቸው አለን። ሁሉም ማለት ይቻላል መርዝ አላቸው፤ መርዙ ግን ለዝንብ የተመጠነ ነው። ሰውን በእርግጥ የሚጎዱት ጥቂት ናቸው። «የዚያች የቀይ ጀርባዋ ዘመዶች አፍሪካም አሉ። እነሱ የሚመርጡት ግን ድንጋይ ሥር፣ እንጨት ክምር፣ የተጣለ ጎማ ውስጥ ነው። እዚያ እጅህን ስትሰድ ጓንት አድርግ። ይቺ እግረ ረዥሟ ግን ከሰው ጋር ጉዳይ የላትም። ከሸረሪት ሁሉ መርዟ የከፋ ነው፣ ጥርሷ ስላጠረ ነው እንጂ የሚባለውም ወሬ ነው።»

«ብትነካስ?» አለች የሜልቦርኗ።

ባለቤትየዋ መልስ አልሰጠችም። የመጥረጊያውን እንጨት አነሳችና ድሩን በጫፉ ቸብ አደረገችው። ሸረሪቷ አልሸሸችም። በእግሮቿ ድሩን እንደያዘች መላ ሰውነቷን ማሽከርከር ጀመረች። በጣም ከመፍጠኗ የተነሳ አካሏ ጠፍቶ ጭጋግ ብቻ የቀረ መሰለ። ጥቂት ቆይታ ቀስ አለች፣ ከዚያ ቆመች፣ እንደገና ክር የመሳሰሉት እግሮቿ አንድ በአንድ ታዩ። እንደዚያ የምታደርገው ሲያስፈራት ነው፤ ሊበላት የመጣው የት ጋ እንዳለች እንዳይለይ። ሁላችንም ስኒያችንን ይዘን ቀረን። አማትየው ራሳቸው «አይ የፈጣሪ ሥራ!» አሉ። አቋማቸውን ግን አልለወጡም።

«እና አንተ ልጅ፣ ፍሊት ነፍተህ አትገላግለንም?» አሉት።

«እማማ፣ ገንዘብዎን ልቀበል እችላለሁ። ግን ሥራው አይሠራም።» ከሁሉ ሰው ይልቅ ጆሮ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ከኪሱ ተቃራኒ የሚያወራ ሰው ብርቅ ነው። በረሮ ሆዱን ግድግዳና ወለል ላይ እየጎተተ ነው የሚሄደው አለ። መድኃኒቱ ይጣበቅበታል። ከዚያ እግሩንና አንቴናውን በአፉ ሲያጸዳ ይውጠዋል። ሸረሪት ግን በእግሯ ጫፍ ነው የምትራመደው፤ ግድግዳው ላይ የደረቀው መድኃኒት እምብዛም አይነካትም። ፊት ለፊት ካልረጩባት በቀር ከቤቱ ተባይ ሁሉ የመጨረሻዋ ሟች እሷ ናት። «ሸረሪት በዛብን ብለው ሲጠሩኝ መጀመሪያ የማየው የበረንዳውን መብራት ነው። ነጭ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ካደረ ነፍሳቱን ሁሉ ይጠራል። ምግብ ካለ ሸረሪት አለች። አምፖሉን ወደ ቢጫ ቀይሩ፣ መስኮቱን ወንፊት አልብሱ፣ ሸረሪቷ ራሷ ትቀንሳለች።»

ከድሬዳዋ የመጣው እንግዳ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይጨነቁም፤ አማትየውን «አንቺ እናቴ» ብሎ ጀመረ። ቅር አላሰኛቸውም። «እኛ ጋ አምጧቸው አቦ! ቢምቢ የምትይዝ ከሆነች ጭነን እንውሰዳት» አለ። ቀልዱ መራራ ነው። ከእስያ የመጣችው የከተማ ወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋን በክፉ ወባ አመሰች። እሷ የምትራባው ረግረግ ፈልጋ አይደለም። በርሜልና ታንከር ይበቃታል።

ረጪው ልጅ ሲመልስ ሳቀ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ፣ የሰው ደም የጠጣችን የወባ ትንኝ መርጣ የምታድን ትንሽ ሸረሪት አለች አለ። ድር አትዘረጋም፣ ዘላ ነው የምትይዘው። ተመራማሪዎች ሲፈትኗት የሰው ካልሲ ሽታ እንኳ እንደሚስባት አይተዋል፤ ሰው ያለበት ቤት ደም የጠጣች ትንኝ ስለማይጠፋ ይመስላል። «እሷ ግን የዚያ አካባቢ ናት። የእናንተ ቤቷ ያገኘችውን ነው የምትበላው። ድሬ የሚያዋጣው የበርሜል ክዳን ነው።»

ቶናው ሲቀዳ አማትየው የመጨረሻ ካርዳቸውን መዘዙ። «ይሁን። ልጅቷ ላይ ስትሸናባትስ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ምክንያቱም ሁሉም ሰው አንድ አለው። አማትየው ባለፈው ዓመት የልጅ ልጃቸው አንገት ላይ ሲቃጠል ያደረውን ቁስል አነሱ፤ ማታ ደህና ተኝታ ነበር፣ በማግሥቱ እሳት እንደነካው ቆዳ ቀልቶ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። ጎረቤትየዋ የዐይኗን ቆብ፣ የድሬው ትከሻውን። ሸረሪት አትገደልም ያለችው ጎረቤት እንኳ እዚህ ላይ ለሸረሪቷ አልቆመችላትም።

«ቁስሉን አልክድም» አለ ልጁ። «የምክደው ተከሳሿን ነው። ሸረሪት ስትሸና ያየ ሰው አለ?»

«ሰው ተኝቶ እያለ ነዋ! በምን ይታያል?» አሉ አማትየው። ጥሩ መልስ ነው።

የሸረሪት ኩስ ነጣ ያለ ጠብታ ነው፤ ግድግዳ ላይ ደርቆ የምናየው እሱ ነው፣ ቆዳ አያቃጥልም አለ። ጥፋተኛው ሌላ ነው። የናይሮቢ ዝንብ ይሏታል፣ ግን ዝንብ ሳትሆን ቀጭን ጥንዚዛ ናት፤ ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለሟ እየተፈራረቀ ነው። አትነክስም፣ አትናደፍም። ዝናብ ሲያባራ ትበዛለች፣ ማታ ነጭ መብራት አይታ ትገባለች። አንገታችን ላይ ስትሄድ ተኝተን በእጃችን ስንደፈጥጣት ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ነው የሚያቃጥለው። ቁስሉ ወዲያው አይወጣም፣ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ለዚህ ነው ማንም የማያያይዘው። ጥንዚዛዋ ረግፋለች፣ በማግሥቱ ቀና ሲባል የምትታየው ሸረሪቷ ናት። «ስታርፍባችሁ እፍ በሏት እንጂ አትምቷት። ከደፈጠጣችኋት ደግሞ ቶሎ በውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ በዚያ እጅ ዐይን አይነካም።»

አማትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አምነው ይሁን ተቃውመው አልለየሁትም። በረካው ሳይቀዳ ወደ ሌላ ወሬ ተሄደ።

እኔ እዚያ ተቀምጬ ብዙ አልተናገርኩም። አሁን ልፍረድ።

ድሩን በተመለከተ ፍርዱ ለአማትየው ነው። ይቺ እግረ ረዥም አሮጌ ድሯን ትታ አጠገቡ አዲስ ትሠራለች፤ የተተወው አቧራና ጥቀርሻ እየጠጣ ይጠቁራል። እሱን መጥረግ ማንንም አይጎዳም፣ እሷም በማግሥቱ ትሠራለች። ሸረሪቷን በተመለከተ ግን ለምራትየዋ እፈርዳለሁ፣ ቢምቢ ትጨርስልኛለች የሚለውን ግን አልቀበላትም። አንዲት ሸረሪት አጎበር አትሆንም። ትቆይ የምለው ስለማትጎዳ ነው፤ ያ ብቻውን ይበቃል። ጎረቤትየዋ ይቅር ትበለኝ እንጂ፣ ወደ ውጭ ማውጣቱም ሁልጊዜ ምሕረት አይደለም። ቤት ውስጥ መኖር የለመዱት ዓይነቶች ደጅ ላይ ብዙ አይቆዩም። ደግሞ ሸረሪት የሌለበት ቤት ፍለጋ ከንቱ ነው፤ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተመራማሪዎች 50 መኖሪያ ቤቶችን ጥግ በጥግ ሲፈትሹ ሸረሪት ያጡበት ቤት አልነበረም። ነጭ፣ ንጹሕ የአሜሪካ ቤት ነው የምላችሁ። አማትየው ይህን ለእንግዶቻቸው ይንገሩልኝ።

የቁስሉ ጉዳይ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። ሸረሪት ሸናብኝ ያለ ሰው ምን ይቀባል? የቡና አተላ የሚቀባ አለ፣ የጥርስ ሳሙና የሚቀባ አለ፣ ቅጠል የሚጨምቅበት አለ። ከዚያ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የጥንዚዛዋ ቁስል ከሆነ በራሱ ይድናል፣ ምስጋናውንም ቅጠሉ ይወስዳል። ችግሩ ሸረሪት የምንለው ሁሉ ጥንዚዛ አለመሆኑ ነው። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ተሰልፎ የሚወጣ፣ ከመውጣቱ በፊት ቆዳውን የሚወጋና የሚያቃጥል ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። እሱን የሚያመጣው በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይከርምና ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም ይነሳል። መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ግን ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሦስት ቀን አተላ ሲቀባ የቆየ ሰው ያንን ጊዜ አቃጥሎታል። ከዳነ በኋላም ሕመሙ ለወራት ሊከተለው ይችላል። ግንባር ላይ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ወይም ዐይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ የዐይን ብርሃን ነው አደጋ ላይ ያለው፤ እዚያ ላይ ሸረሪት ናት ጥንዚዛ ናት ብሎ መከራከር የለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።