ሀራራው የሚመጣው 8 ሰዓት ላይ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ በተደረገው የነዋሪዎች ውይይት ላይ፣ ከሱስ ለሚያገግሙ ልጆቻችን በስልክ የሚሰጥ ሕክምና ይጀመር ብለን ጠየቅን። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ «ስልኩ ራሱ ሱስ ነው፤ ሱስን በሱስ እናክም ነው የምትሉት?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። አጠገቤ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

ስልክ ሱስ ነው? «በለጬ ገብቷል» የሚለው መልእክት ለወንድሜ የሚደርሰው እኮ በዚያው ስልክ ነው። ለጫት ሻጭ የሆነ ስልክ ለሐኪም ሲሆን ምን ነካው?

ወንድሜ ጫት ካቆመ አራት ወር ሊሞላው ነው። የሌሊቱ ዱካክ ለቆታል። ሀራራው ግን ቀን 8 ሰዓት ሲሆን አንድም ቀን ሳይቀር ይመጣል፤ ከብሎካችን ሥር ጫቱ በኮባ እንደተጠቀለለ የሚራገፈውም ያኔ ነው። የምክር ቀጠሮው ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ታክሲ ተይዞ መሀል ከተማ። ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ምን ሆነና! የሚጨንቀው ማክሰኞ 8 ሰዓት ነው። አንድ ማክሰኞ በዚያ ሰዓት 3 ጊዜ ደወለልኝ፤ ሥራ ላይ ነበርኩና አላነሳሁም። ማታ ስገባ አልጋው ሥር ገረባ አገኘሁ። በዚያች ግማሽ ሰዓት «ቆይ፣ ውሃ ጠጣ፣ ወደ አደባባዩ ውጣና ተራመድ» የሚለው ቢኖር ያ ገረባ እዚያ አይገኝም ነበር። ይህን ማንም አያስተባብለኝም።

ደግሞ አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ሪሴት» የተባለውን፣ በሐኪም ትእዛዝ ለ12 ሳምንት በስልክ መተግበሪያ የሚሰጥ የሱስ ሕክምና የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ እንደ ኮኬይን ላሉ አነቃቂ ዕፆች ሱስም ይሰጣል። አምራቹ ኩባንያ በ2023 ከስሯል፣ አውቃለሁ። የከሰረው መድን ድርጅቶች አንከፍልም ስላሉት እንጂ በሽተኛ ስላጣ አይደለም። ለአነቃቂ ዕፅ ሱስ ደግሞ እዚያም ቢሆን የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ የጫቱ ካቲኖንም የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ያለው ሕክምና ምክር፣ ክትትልና ማበረታቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በስልክ የማይሄደው የቱ ነው? ኃላፊው ይንገሩኝ።

ሐኪሟ ትቅር ያለ የለም። ያችው የሐሙስ ሐኪም ማክሰኞም 8 ሰዓት ላይ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ትገኝ ነው ያልነው።