ማስተካከያ፦ የቻንድራያን-3 ማረፊያ ቦታና ስሙ

ለህንድ የሲቪል ሰርቪስ መግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ባቀረብነው የወቅታዊ ጉዳዮች ማጠቃለያ ላይ፣ የህንድ የጨረቃ መንኮራኩር ቻንድራያን-3 «በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ ላይ አረፈች» ብለን የጻፍነው ስሕተት ነው። መንኮራኩሯ ኦገስት 23 ቀን 2023 ያረፈችው በ69 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ አካባቢ ሲሆን፣ ቦታው ከዋልታው 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ መባል የነበረበት «በደቡባዊ ዋልታ አቅራቢያ» ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም እውነት ወይም ሐሰት ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ይለውጣል።

በዚያው ማጠቃለያ ማረፊያዋን «ቲራንጋ» ብለነዋል፤ ትክክለኛው ስም «ሺቭ ሻክቲ» ነው። ቲራንጋ የሚባለው ከእሷ በፊት የተላከችው የቻንድራያን-2 አራፊ ክፍል በ2019 የተከሰከሰበት ስፍራ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ሁለቱን ስሞች በአንድ ቀን ይፋ ስላደረጉ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ይህ ግን እኛን ከማጣራት ግዴታ አያድነንም።

በመጀመሪያው ዙር ፈተና ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ የጥያቄው ነጥብ ሲሶ እንደሚቀነስ እያወቅን ይህን በማሳለፋችን አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ህንድ ያለጉዳት ጨረቃ ላይ በማረፍ አራተኛዋ አገር መሆኗንና ኦገስት 23 ብሔራዊ የጠፈር ቀን ተብሎ መሰየሙን የሚገልጸው ክፍል ትክክል ስለሆነ እንዳለ ይጸናል።