እርማት፦ ክሊሪንግ ሃውስ ኪሳራን አያጠፋም

ክሊሪንግ ሃውስ በገዢና በሻጭ መካከል ገብቶ ለሁለቱም ክፍያውን የሚያረጋግጥ ተቋም ነው፤ ዴሪቬቲቭ ደግሞ ዋጋው ከሌላ ነገር ዋጋ (ለምሳሌ ከኤሌክትሪክ) የሚመነጭ ውል ነው። በዚህ ጉዳይ በሚሰጡ አስተያየቶች ውስጥ ደጋግሞ የመጣው ሐሳብ «ዴሪቬቲቭ ውሎች በማዕከላዊ ክሊሪንግ ሃውስ እንዲያልፉ ሕግ ስላስገደደ፣ የተዋዋይ ወገን ስጋት ቀርቷል» የሚል ነው፤ ይህም ሌላው ወገን ሳይከፍል የመቅረቱ ስጋት ማለት ነው። ግዴታው እውነት ነው፤ የቡድን 20 አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ፒትስበርግ ላይ የተስማሙት በወጥ ቅጽ የተዘጋጁ ውሎች በዚያ እንዲያልፉ ነው። ስጋቱ ግን አንድ ቦታ ተከማቸ እንጂ አልጠፋም።

አንድ የክሊሪንግ ሃውሱ አባል (በእሱ በኩል የሚገበያይ ባንክ ወይም ነጋዴ) መክፈል ሲያቅተው መጀመሪያ የሚነካው የራሱ ማስያዣ (ለዋስትና ያስቀመጠው ገንዘብ) እና ለጋራ ፈንዱ የሰጠው መዋጮ ነው። ካልበቃ ተቋሙ ከራሱ ካፒታል የመደበው (ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው)፣ ከዚያም ምንም ያላጠፉ አባላት ያዋጡት የጋራ ፈንድ ይነካል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ናስዳክ ክሊሪንግ በተባለው ክሊሪንግ ሃውስ የአንድ ኤሌክትሪክ ነጋዴ ውል ሲከስር ተቋሙ 7 ሚሊዮን ዩሮ፣ የጋራ ፈንዱ ደግሞ 107 ሚሊዮን ዩሮ ከፈሉ። ፈንዱ በጠቅላላ 166 ሚሊዮን ገደማ ነበር!

«በክሊሪንግ ስላለፈ ስጋቱ ዜሮ ነው» ብሎ የሚያሰላ አባል ይህን መዋጮ፣ እንዲሁም ዋጋ ሲናወጥ በዚያው ቀን በጥሬ ገንዘብ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ማስያዣ ይዘነጋል።

ለማጣራት የክሊሪንግ ሃውሱን ደንብ ከፍታችሁ ስለ አባል ክፍያ ማቋረጥ የሚናገረውን ምዕራፍ አንብቡ፤ የኪሳራው ቅደም ተከተል እዚያ አለ። የፈንዱን መጠን በየሩብ ዓመቱ ከሚወጣው የአኃዝ መግለጫ ታገኙታላችሁ።